ያልታሰረ፣ ያልተገራም
በሰኔ 19 የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ቀን፣ ድሬዳዋ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ አባ ገዳዎችና ኡጋዞች፣ የአስተዳደሩ ኃላፊዎች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፤ እንደምን አደራችሁ።

ይህን ስብሰባ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የጠራው ሰው ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ነው። ምክንያቱ ሙቀቱ ነው ብትሉኝ ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከሰባት ሰዓት በኋላ በዚህ ከተማ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ለመናገር የሚነሳ ሰው የሚያናግረው ባዶ ወንበር ነው። አድማጩ ጫማውን አውልቆ፣ ትራሱን ተደግፎ፣ የጫት ዙርባውን ፈትቶ በርጫ ላይ ነው። ዛሬ ስገባ የበሩ ጥበቃ አባታችን ከመቀመጫቸው ሥር በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አስቀምጠው አየሁ። ሰላም አልኳቸው፤ መርቀው አስገቡኝ። እሳቸውም አላፈሩም፣ እኔም አልደነገጥሁም። ከበሩ በላይ ግን "ከአደንዛዥ ዕፅ የጸዳ ትውልድ እንፍጠር" የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። የዛሬው ንግግሬ በዚያ ጨርቅና በዚያ ወንበር መካከል ስላለው ርቀት ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ፋርማሲስት ነኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ያደግሁት ከዚራ ሠፈር ነው። ዲፕሎማት አይደለሁም፣ የሕግ ሰውም አይደለሁም። ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ሁለት ቁልፎች በኪሴ ይዤ ኖሬአለሁ፤ አንዱ የቤቴ ነው፣ ሌላው ሞርፊንና መሰሎቹ የሚቀመጡበት የብረት ሣጥን ቁልፍ ነው። ያን ሁለተኛ ቁልፍ በኪሴ ያስቀመጠው ሕግ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ብዬ ማንበብ ጀመርሁ፤ ንባቡ እዚህ መድረክ ላይ አደረሰኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት የኛ መሆናቸውን ካልተናገርሁ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ይህን ቀን የወሰነው በ1987 ነው። በየዓመቱ የምንሠራውን ታውቁታላችሁ። ወጣቱ ተጠንቀቅ ይባላል፣ የታሸገ ውኃ ይታደላል፣ ፎቶ እንነሣለን። እኔም ከዚህ ቀደም እንዲሁ ተናግሬ ወርጃለሁ፤ ይቅር በሉኝ። በዚያው ሁሉ ዓመት ዓለም ስለ ዕፁ ብቻ ሳይሆን ስለ ሕጉ ሲከራከር ነበር። ሕጉ ሰውን ከዕፁ ያድናል ወይስ ራሱ ሌላ ጉዳት ይጨምራል? ክርክሩ የጦፈው የዓለም የዕፅ ኮሚሽን በሚሰበሰብበት በቪየና ነው። እኛ ደግሞ ስለ ነገሩ ብዙ እያወቅን በክርክሩ ውስጥ ድምፃችን አይሰማም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ሥርዓቱ እንዴት እንደ ተሠራ በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1909 አሥራ ሦስት አገሮች ሻንጋይ ላይ ስለ ኦፒየም መከሩ። በ1912 ሄግ ላይ የመጀመሪያው ስምምነት ተፈረመ። በ1925 ጄኔቫ ላይ በግብፅ ጠያቂነት ካናቢስ፣ ሐሺሽ የምንለው፣ ገባበት። ከዚያ በኋላ የዛሬዎቹ ሦስት ውሎች መጡ፤ የ1961ዱ ስለ አደንዛዥ ዕፆች፣ የ1971ዱ ስለ ሳይኮትሮፒክ (አእምሮን ስለሚለውጡ) ንጥረ ነገሮች፣ የ1988ቱ ስለ ሕገ ወጥ ዝውውር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዕፆቹ እንደ ቁጥጥራቸው ጥብቀት የሚዘረዘሩባቸው ሠንጠረዦች አሏቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች መርምረው ይመክራሉ፤ በየዓመቱ ቪየና ላይ የሚሰበሰበው የ53 አገሮች ኮሚሽን ደግሞ እጅ አውጥቶ ይወስናል። ይህን የምነግራችሁ ለፈተና እንድታጠኑት አይደለም። አንድ ቅጠል ወንጀል የሚሆነው ስሙ በዝርዝር ውስጥ ሲጻፍ ነው፤ ዝርዝሩን የሚጽፉት ሰዎች ናቸው፤ ሰዎች ደግሞ በጽሑፉ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ማን እንደ ተገኘና ማን እንዳልተገኘ ያያሉ።

እነዚሁ ሰዎች ቀጠሮ መስጠት ይወዱ ነበር። የ1961ዱ ውል ኦፒየምን ያለ ሐኪም እንደ መድኃኒት መጠቀም በ15 ዓመት፣ የኮካ ቅጠል ማኘክ በ25 ዓመት ውስጥ እንዲቀር ጊዜ ቆረጠ። በ1998 ኒውዮርክ ላይ በተደረገው ልዩ ጉባኤ "ከዕፅ የጸዳ ዓለም፤ እንችላለን" ተባለና ቀጠሮው ለ2008 ሆነ። 2008 ደርሶ አለፈ። በ2009 እንደገና ተሰብስበው ለ2019 ቀጠሩ። በ2019 ደግሞ የሚቀጥለው ግምገማ በ2029 እንዲሆን ተስማሙ። ከመሥሪያ ቤት "ነገ ተመለስ" ሲባል የኖረ ሁሉ ይህን አነጋገር ያውቀዋል። በዚህ መካከል የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና የወንጀል ቢሮ በ2024 ሪፖርቱ በ2022 ብቻ 292 ሚሊዮን ሰው ዕፅ እንደ ተጠቀመ ገለጸ፤ ካለፉት አሥር ዓመታት በ20 በመቶ የጨመረ ነው።

ለምን አልሆነም? ለዚህ ጥያቄ ፕሮፌሰር መጥራት አያስፈልግም፤ ታይዋን የሚባለውን የከተማችንን ገበያ የሚያውቅ የድሬዳዋ ልጅ ይመልሰዋል። ኬላ ሲጠብቅ ኮንትሮባንድ ይቀራል ወይ? አይቀርም። መንገዱን ይለውጣል፣ ዋጋውን ይጨምራል፣ ዕቃውን ያሳንሳል። አንሶላና ምንጣፍ የሚያመጣው ሰው ቁጥጥሩ ሲበዛበት ትንሽ ሆኖ ብዙ የሚያወጣውን ማምጣት ይጀምራል። በዕፅ ገበያም የሆነው ይኸው ነው። በ1990ዎቹ ፔሩና ቦሊቪያ ውስጥ የኮካ እርሻ ሲመነጠር እርሻው ኮሎምቢያ ላይ በቀለ። ፖሊስ የጠነከረበት አገር ዕፁን ሳይሆን ዕፁ የሚያልፍበትን ድንበር ነው የለወጠው።

ጥንካሬ ካነሣን ፊሊፒንስን ማንሣት ግድ ነው። ከ2016 ጀምሮ ፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ዱቴርቴ በዕፅ ላይ ጦርነት አወጁ። ፖሊሱ ራሱ ባመነው ቁጥር ከ6,000 በላይ ሰዎች ተገደሉ። የሞተው አብዛኛው የሠፈር ድሃ ነበር። ዱቴርቴ በመጋቢት 2025 ተይዘው ሄግ ወዳለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ተወሰዱ። የመጀመሪያው የኦፒየም ስምምነት የተፈረመባት ከተማም ሄግ ናት፤ ታሪክ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ይቀልዳል።

ሌሎች ሌላ መንገድ ሞከሩ። ፖርቱጋል ከሐምሌ 2001 ጀምሮ ለራሱ የአሥር ቀን ፍጆታ የማይበልጥ ዕፅ የያዘን ሰው በወንጀል መክሰስ አቆመች። ዕፁ ግን አልተፈቀደም፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። የተያዘው ሰው በዳኛ ፋንታ ከሕግ፣ ከጤናና ከማኅበራዊ ሥራ በተውጣጡ ሦስት ሰዎች ፊት ይቀርባል። ሕክምና ቀረበ፣ መርፌ በጋራ ከመጠቀም የሚመጣው ኤችአይቪ እጅግ ቀነሰ። ኡራጓይ በ2013፣ ካናዳ በ2018 ካናቢስን በሕግ ፈቀዱ፤ ጀርመን በ2024 በገደብ ፈቀደች።

እዚህ ላይ ግን ለውጥ ወዳዶቹን ማሞገስ ብቻ ከሆነ ሥራዬ ነገሬን አበላሸዋለሁ። የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት በ2020 በሕዝብ ድምፅ ፖርቱጋልን ልትከተል ወሰነች። ፖርቱጋል ሦስት ሰዎች ያስቀመጠችበት ቦታ ላይ ኦሪገን መቶ ዶላር የሚያስቀጣ ወረቀትና አንድ የስልክ ቁጥር አስቀመጠች፤ የሚደውል ቅጣቱ ይነሣለታል። የደወለው ጥቂት ነበር። የሕክምናው ገንዘብ ዘገየ፣ ፈንታኒል የሚባለው ገዳይ ዕፅም በዚያው ወቅት ግዛቷን አጥለቀለቃት። በ2024 ምክር ቤቱ ቅጣቱን መለሰው። ሁለቱም እስር ቤቱን ዘግተው ነበር፤ በምትኩ በር የከፈተችው ግን አንዷ ብቻ ናት።

በቪየናም ቢሆን ነገሩ እየተነቃነቀ ነው። በታኅሣሥ 2020 ካናቢስ ከ1961ዱ ውል ጥብቅ ሠንጠረዥ፣ ከአራተኛው፣ እንዲወጣ ድምፅ ተሰጠ፤ 27 ለ25፣ አንድ ድምፀ ተአቅቦ። በሁለት ድምፅ ልዩነት ማለት ነው። ያ ኮሚሽን በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በስምምነት መወሰን ልማዱ ነበር። በመጋቢት 2024 "ጉዳት ቅነሳ" (ዕፁን ያልተወ ሰው የሚደርስበትን ጉዳት ማሳነስ ማለት ነው) የሚለው ቃል ያለበት ውሳኔ ሩሲያና ቻይና ተቃውመውት በድምፅ አለፈ። በመጋቢት 2025 ደግሞ ኮሎምቢያ ያቀረበችው፣ መላውን የቁጥጥር ሥርዓት የሚመረምር ገለልተኛ የባለሙያዎች ቡድን እንዲቋቋም የሚጠይቀው ውሳኔ አሜሪካ ተቃውማው እንኳ ጸደቀ።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። የሁለት ቅጠሎችን ታሪክ ልንገራችሁ።

አንደኛው ቅጠል ኮካ ነው። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ያኝኩታል፤ ለድካም፣ ለረሃብ፣ ለእንግዳ፣ ለጸሎት። አነጋገሬ ሌላ ነገር አላስታወሳችሁም? በ1949 የተባበሩት መንግሥታት አጣሪ ቡድን ፔሩና ቦሊቪያ ሄዶ ተመለሰ፤ በ1950 ማኘኩ ጎጂ ነውና ይቅር ብሎ ጻፈ። በ1961 ቅጠሉ ራሱ ከኮኬይን ጋር አንደኛው ሠንጠረዥ ውስጥ ገባ። አኛኪዎቹ አልተጠየቁም፤ በሌሉበት ተፈረደባቸው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ራሳቸው ኮካ ገበሬ የነበሩት የቦሊቪያው ፕሬዚዳንት ኤቮ ሞራሌስ ቪየና ላይ በኮሚሽኑ ፊት ቅጠሉን አውጥተው አኘኩት። ቦሊቪያ ከውሉ ወጣች፤ በ2013 ማኘክን በሚመለከት የራሷን ቅድመ ሁኔታ አስመዝግባ ተመለሰች። ቅጠሉ ዛሬም ሠንጠረዡ ላይ አለ።

ሁለተኛው ቅጠል የእኛው ነው። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ መርዓዴን ይዤ ጫት እተክልባታለሁ ብሎ እንደ ፎከረ ይናገራል፤ ይህ 14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጫት በጽሑፋችን ውስጥ ገና ከጅምሩ የፖለቲካ ነገር ነበር ማለት ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር ጄኔቫ ላይ ጉዳዩን ያነሣው በ1933 ነው። አነሣው፣ ተወው። የተባበሩት መንግሥታትም አነሣው፣ አጥኑት አለ። በ1975 የድርጅቱ ቤተ ሙከራ ከትኩስ ቅጠል ካቲኖን የሚባለውን ንጥረ ነገር ለየ። በ1986 ካቲኖን ኤልኤስዲ ከሚባለው ቅዠት አምጪ ዕፅ ጋር በ1971ዱ ውል አንደኛ ሠንጠረዥ ገባ። ቅጠሉ ግን አልገባም። በ2006 የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እንደገና መርምረው ጫት በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ይግባ አላሉም።

ዳኛው ኮካን በሌለበት ፈረደበት፤ ጫትን ደግሞ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ምሳ ሄደ። በሁለቱ ዕፅዋት መካከል ያለው የጉዳት ልዩነት ብቻ ይህን የዕጣ ፈንታ ልዩነት አያስረዳም። ከኮካ ኮኬይን ይወጣል፣ እውነት ነው፤ ኮኬይን ደርቆ ተፈጭቶ ውቅያኖስ ይሻገራል። ካቲኖን ግን ቅጠሉ በተቀጠፈ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ እየደከመ ይጠፋል። የአወዳይ ጫት ጫኝ መኪኖች እንደዚያ የሚበሩት ለዚህ ነው፤ ሹፌሮቹ የሚሽቀዳደሙት ከኬሚስትሪ ጋር ነው። (ሕዝቡ ለነዚያ መኪኖች ያወጣውን ስም በዚህ መድረክ ላይ አልደግመውም።) ባቡሩ ለጅቡቲ ጫት ይዞ ሲወርድ አባቴ የሚሉት ነበር፤ ቡና ቢዘገይ ቡና ነው፣ ጫት ከዘገየ የፍየል መኖ ነው። ጫትን ከዓለም ፖሊስ ያዳነው ይኸው ችኮላው ነው ብዬ አምናለሁ፤ የማንም ጥበብ አይደለም።

ስለዚህም ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ አወዳይ፣ ሐረማያ በቪየና የሚፈለገው ማስረጃ ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። ተከራካሪዎቹ ሁለት ነገር ብቻ ይታያቸዋል፤ ክልከላና ፈቃድ። እኛ ጋ ሦስተኛው አለ። አነቃቂ ቅጠል አልታሰረም፤ ግን አልተገራም። የፈረሰኛ አገር ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

ያልታሰረ በመሆኑ ያተረፍነውን እንቁጠር። በጫት ምክንያት እስር ቤታችን አልሞላም። ጫት ሻጮች አካባቢ ተከፋፍለው በጠመንጃ አልተጋደሉም። ንግዱን የያዙት በአብዛኛው እናቶች ናቸው፤ ቀፊራና መጋላ ላይ ጥላ ዘርግተው በጫት ልጅ ያስተማሩ እናቶች። ለመሆኑ ዛሬ ከነሱ አንዷም እዚህ አልተጠራችም፤ ጥሪውን ያዘጋጃችሁ ወገኖች ይህን ለሚቀጥለው ዓመት ያዙልኝ። ገበሬውም አለ። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቀጠፋል፣ ገንዘቡም በዕለቱ እጅ ይገባል፤ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው የሐረርጌ ገበሬ ሰነፍ ሳይሆን ሒሳብ አዋቂ ነው። አገራችን በአንዳንድ ዓመታት ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ከጫት ታገኛለች።

ያልተገራ በመሆኑ የከሰርነውስ? እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም ሠላሳ ዓመት በመድኃኒት መስኮት ያየሁት ይህን ነው። እንቅልፍ አጥተው የእንቅልፍ ኪኒን የሚለምኑ ሰዎች አይቻለሁ፤ የከሰዓቱን ምርቃና በማታ ጨብሲ የሚሰብሩ፣ ጠዋት ደግሞ ለራስ ምታቱ ወደኔ የሚመጡ። ጥርሱ የወላለቀ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት አይቻለሁ። አእምሮው ታውኮ ጎረቤቶቹ ያሳድዱኛል የሚል ልጅ እናቱ በእጁ ይዛ መጥታ "የሚያረጋጋ ነገር የለህም ወይ ልጄ" ስትለኝ ሰምቻለሁ፤ የምሰጣት አልነበረኝም። ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ከትምህርት ቤት አጥር ሥር ገዝቶ ሲያኝክ ሁላችንም አይተን አልፈናል። ቅጠሉ ላይ የሚረጨውን ፀረ ተባይ ማን ይመረምራል? በርበሬና ዘይት ሲበረዝ እንጮሃለን፤ ሳይታጠብ በቀጥታ አፍ ውስጥ ስለሚገባ ቅጠል ግን አንጠይቅም። የሐረማያን ሐይቅ ያያችሁ ሰዎች ታስታውሳላችሁ፤ የደረቀው በጫት ብቻ አይደለም፣ ያለ ጫት መስኖም አልደረቀም።

መግራት አንችልም እንዳንል ደግሞ ችለን አሳይተናል። በ2011 ዓ.ም፣ ይህ የኛ አቆጣጠር ነው፣ የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራና አልኮል እንዳይሸጥ ከለከለ፤ የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አወጣ። የቢራ ፋብሪካን የሚያህል ባለ ገንዘብ ተገርቷል። ለጫት ግን የዕድሜ ወሰን አልተጻፈም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ቢራ ቢጠይቅ ባለ ግሮሰሪው ያባርረዋል፤ ጫት ቢጠይቅ "የስንት ብር?" ይባላል።

"እንግዲያው ለምን አይከለከልም?" የሚል ወንድም ሁልጊዜ አለ። ሐሳቡን አከብራለሁ፤ ልጁን በጫት ያጣ አባት ሊሆን ይችላል። ግን ሶማሊያን እንይ። ዚያድ ባሬ በ1983 ከለከሉ፤ ጫቱ በሌሊት ገባ፣ ዋጋው ወጣ። እንግሊዞች ኤደንን በሚገዙበት ጊዜ በ1957 ከለከሉ፤ በዓመቱ አነሡት። በ2013 የእንግሊዝ መንግሥት አማካሪ ምክር ቤት ጫት መከልከል የለበትም አለ፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ ምክሩን አልተቀበሉም፤ ከሰኔ 2014 ጀምሮ ተከለከለ። ጉዳቱ የደረሰው ኬንያ ሜሩ ውስጥ ባለ ገበሬ ላይ ነው። ዛሬ የደረቀ ጫት በፖስታ ጥቅል እየተላከ በየአየር ማረፊያው ይያዛል። እኛ ገራባ ብለን ለፍየል የምንጥለውን የሚመስል ነገር ይዞ ባዕድ አገር እስር ቤት የሚገባው የኛው ልጅ ነው። እዚህ ለተቀመጣችሁ ወጣቶች የምለው አንድ ጥብቅ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የማንንም "ሻንጣዬን አድርስልኝ" አትቀበሉ። በኛ ሠፈር ሕጋዊ የሆነው ቅጠል አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሕጋዊ አይደለም። በዕፅ ወንጀል ሞት የሚፈርዱ አገሮች ከ30 በላይ ናቸው።

ገበሬውን በተመለከተ ደግሞ አፍጋኒስታንን ልጥቀስ። ታሊባን በሚያዝያ 2022 የኦፒየም እርሻን ከለከለ፤ በ2023 እርሻው በ95 በመቶ ቀነሰ። ለክልከላ ወዳዶች ከዚህ የበለጠ ድል የለም። በዚያው ዓመት ግን የገበሬዎቹ ገቢ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ወርዶ ወደ 110 ሚሊዮን ደረሰ። ምትክ የሰጣቸው አልነበረም። ነገ አንድ ባለ ሥልጣን ተነሥቶ የሐረርጌን ጫት ይነቀል ቢል የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ ቅጠሉ አይሆንም፤ በማግሥቱ ያ ገበሬ ምን ይበላል ነው።

የብረት ሣጥኑን ቁልፍ አልረሳሁትም። የ1961ዱ ውል መግቢያ አደንዛዥ መድኃኒቶች ሥቃይን ለማስታገስ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውንና ለዚህም መቅረብ እንዳለባቸው ይናገራል። ውሉ ሁለት ክንፍ አለው፤ መቆጣጠርና ማቅረብ። ዓለም በአንዱ ክንፍ ብቻ ሲበር ስልሳ ዓመት አለፈው። በዓለም ላይ ካለው ሞርፊን አብዛኛው የሚውለው በጥቂት ሀብታም አገሮች ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አባት በካንሰር ታመው ወራት ተኙ። ሌሊት የሚያሰሙት ድምፅ በቀጭኑ ግድግዳ ያልፍ ነበር። እኔ ፋርማሲስቱ የሰጠኋቸው ለጥርስ ሕመም የሚሰጥ ኪኒን ነው። መድኃኒቱ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ ሐኪሙ ለመጻፍ ፈራ፣ እኔ ለመመዝገብ ፈራሁ፣ የሚቆጣጠረን ሰው ደግሞ የጎደለ ብልቃጥ እንጂ የጎደለ እንቅልፍ አይቆጥርም ነበር። ዩጋንዳ ከእኛ ሀብታም አይደለችም፤ ከ2004 ጀምሮ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቅዳለች፤ ዱቄቱን ገዝታ በውኃ በጥብጣ በርካሽ ታቀርባለች።

ኬታሚንም አለ። በየገጠሩ ሆስፒታል እናት በቀዶ ሕክምና ስትወልድ፣ ማሽንና መብራት በሌለበት፣ ማደንዘዣው ኬታሚን ነው። ቻይና ወጣቶቿ ያለ አግባብ እየተጠቀሙበት ስለ ተቸገረች በዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ እንዲገባ ጠየቀች። የዓለም ጤና ድርጅት ተው፣ የድሆች ማደንዘዣ ነው አለ። በመጋቢት 2015 ኮሚሽኑ ውሳኔውን አቆየው። ቪየና ላይ የአንድ እጅ መውጣትና አለመውጣት የአንዲት የጭናክሰን እናት ጉዳይ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ከተማችን የመንግሥትን አዋጅ ሳትጠብቅ በትምህርት ቤት ዙሪያ ጫት እንዳይሸጥ ማድረግ ትችላለች፤ ሻጮቹን እናቶች ከፖሊስ በፊት ሰብስባ ታማክር፤ ልጆች አሏቸውና ከኛ የበለጠ ይገባቸዋል። ፌዴራል መንግሥቱ ለቢራ የጻፈውን 21 ለጫትም ይጻፍ። ከጫት የሚሰበሰበው ቀረጥ የተወሰነው ለአእምሮ ሕክምና አልጋና ለቅጠል ምርመራ ይዋል፤ ያቺ እናት ልጇን ይዛ የምትሄድበት በር ይኑራት። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 ተጠቃሚውንና አዘዋዋሪውን በአንድ አንቀጽ ይዟል፤ የሕግ ባለሙያዎቻችን ፖርቱጋልንም ኦሪገንንም አጥንተው ይመልከቱት። ወደ ቪየና የሚሄዱ ተወካዮቻችንም ከመሄዳቸው በፊት አንድ ሌሊት አወዳይ ገበያ ይደሩ፤ አንድ ከሰዓት እዚህ ከተማ ይዋሉ፤ በበርጫ ቤትም ይቀመጡ፤ ማኘክ ግዴታ አይደለም።

ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ከኋላ በኩል አንዳንድ ወንድሞች ሰዓታቸውን ሲያዩ እያየሁ ነው። አልቀየማቸውም። የአወዳይ መኪና ሳይገባ አንድ ሰዓት ያህል አለን፤ ጥያቄ ያለው፣ ተቃውሞም ያለው፣ እጁን ያውጣ። በሩ ላይ ላሉት አባታችንም ማይክሮፎኑን አድርሱልኝ፤ የመጀመሪያው ተናጋሪ እሳቸው እንዲሆኑ እፈልጋለሁ።